ሃይፖታላመስ ላይ የወጋሁት ቀለም ሰብስታንሺያ ናይግራ ላይ ወጣ፤ ደስ ይበለኝ?

ሌሊት ፈረቃ፦ ሰላም ለሁላችሁ። የማስተርስ ሥራዬ አይጥ ላይ ነው። ወደ ሃይፖታላመስ (አንጎል ሥር ያለች ትንሽ ክፍል) የጎን ክፍል የነርቭ ክር ከየት ከየት እንደሚመጣ ነው የምፈልገው። ፍሎሮጎልድ ወጋሁ። ለማታውቁት፣ ቀለሙ በክሩ ጫፍ ገብቶ ወደ ኋላ ይሄድና የክሩን ባለቤት ሴል ያበራዋል። ከ7 ቀን በኋላ አንጎሉን ቆራርጬ ሳየው ሰብስታንሺያ ናይግራ (መካከለኛው አንጎል ውስጥ ያለ የሴሎች ክምችት) ላይ ወርቃማ ሴሎች ተደርድረዋል! ላብ ውስጥ ብቻዬን እልል አልኩ። ጠዋት አማካሪዬ አየውና «እህ» ብሎ ዝም አለ። ምን ማለቱ ነው?

የድሮ ተማሪ፦ እህቴ፣ እቺን «እህ» እኔም ቀምሻታለሁ። የወጋሽበት የሃይፖታላመስ ጎን መተላለፊያ ነው። የናይግራ የዶፓሚን (የነርቭ መልእክት አድራሽ ኬሚካል) ክሮች ወደ ስትራያተም፣ ማለትም ወደ ፊት ወዳለው የአንጎል ክፍል ሲወጡ በዚያው ያልፋሉ። መርፌሽ ክር ከጎዳ ደግሞ ፍሎሮጎልድ በቁስሉ ይገባል። ደብረ ብርሃን መንገድ ዳር ቆሞ ወደ ደሴ የሚያልፈውን ተሳፋሪ ሁሉ የከተማው ሰው ብሎ እንደመቁጠር ነው።

አትፈሪ፣ ትልልቆቹንም ሸውዷል። በ1951 አናንድና ብሮቤክ ይህን ቦታ በሁለቱም ጎን ሲያቃጥሉት አይጦቹ መብላት አቆሙ። «የረሃብ ማዕከል» ተባለ። በ1971 ኡንገርስቴት የዶፓሚን ክሮቹን በመርዝ ሲያጠፋ አይጦቹ ምግቡንም ውሃውንም ተዉት። ለካ ቃጠሎው አላፊውንም ጭምር ቆርጦ ኖሯል።

ቡና በስኒ፦ ልክ ነው፣ ግን ቦታውን ባዶ ሜዳ አታድርገው። ኦሬክሲን የሚባለውን የንቃት ኬሚካል የሚያመነጩት ሴሎች እዚያው ናቸው፤ በ1998 ነው የታወቁት። ክራቸው የአንጎል ግንድ ውስጥ እስካለው ሎከስ ሴሩለስ ድረስ ወርዶ አይጧን ነቅታ እንድትቆይ ያደርጋል።

ሌሊት ፈረቃ፣ ቀለሙን በግፊት ነው የወጋሽው ወይስ በትንሽ የኤሌክትሪክ ጅረት? በግፊት ከሆነ ክር ይበልጥ ይጎዳል። ለማንኛውም በተቃራኒው ሞክሪው። ፒኤችኤ-ኤል የሚባለውን፣ ከሴሉ ወደ ክሩ ጫፍ የሚሄደውን መከታተያ ናይግራ ላይ ስጪና ወደ ፊት የሚሄደውን ክር ተከተዪ። ሃይፖታላመስ ውስጥ እንደ መቁጠሪያ ዶቃ ጉብ ጉብ ካለና ከተበታተነ እዚያ ይቆማል ማለት ነው። ለስላሳ ሆኖ ቀጥ ብሎ ካለፈ አላፊ ነው። 10 ቀን ያህል ጠብቂ፣ ቀስ ብሎ ነው የሚሄደው።

ሌሊት ፈረቃ፦ በግፊት ነበር 🙈 የተወጋበትን ስላይድ አሁን አውጥቼ አየሁት። በመርፌው መንገድ ላይ የደም ምልክት አለ። ትናንት ናይግራውን ሳይ እሱን ዞር ብዬም አላየሁት። የቀሩኝ አይጦች 3 ናቸው። ሰኞ በኤሌክትሪክ እሞክራለሁ፣ እልልታውን ግን መጀመሪያ ስላይዱን ሳላይ አላሰማም።