የ5 ዓመት ልጄን 1ኛ ክፍል ላስገባት ወይስ ትቆይ?

የምንኖረው አዲስ አበባ ነው። ልጄ 5 ዓመት ከ4 ወር ሆኗታል፤ ኬጂ 1 ጨርሳለች። የተረት መጽሐፍ አቀላጥፋ ታነባለች፣ ባለ ሁለት አኃዝ ቁጥሮችም ትደምራለች። ክፍል ውስጥ ግን ፊደል ሲደጋገም ይሰለቻታል፤ ጠዋት ጠዋት አልሄድም ብላ ታለቅሳለች። አንጀቴን ትበላኛለች።

ኬጂ 2ን ዘላ 1ኛ ክፍል እንድትገባ ጠየቅኩ። የመግቢያ ዕድሜ 7 ዓመት ነው ተባልኩ። ከበድ ያለ ትምህርት ይሰጣት ስልም የቤት ሥራ ብቻ ጨመሩላት። ሌላ የግል ትምህርት ቤት ፈትኖ ሊቀበላት ፈቃደኛ ነው። ግን እርሳስ ስትይዝ እጇ ቶሎ ይዝላል፣ ጨዋታዋም ገና የሕፃን ነው። 1ኛ ክፍል ያሉት ልጆች ደግሞ ወደ ሁለት ዓመት ገደማ ይበልጧታል።

ልጃችሁን ከ7 ዓመት በፊት 1ኛ ክፍል ያስገባችሁ ወላጆች፣ ከፍ ወዳለው ክፍል ሲደርስ የዕድሜው ማነስ ከብዶት ነበር?