«ማይክ» ግስ ሲሆን ኃላፊ ጊዜው እንዴት ይጻፍ?

ቀይ እስክሪብቶ፦ ሰላም ለዚህ ቤት። ሥራዬ የእንግሊዝኛ ጽሑፍ ማረም ነው። ትናንት አንድ ልጅ ተናጋሪዎቹ ማይክ እንደተሰካላቸው ለመጻፍ ማይክን ራሱን ግስ አደረገው። ኤም፣ አይ፣ ሲ ብሎ ጽፎ ኢ እና ዲ ለጠፈበት። ሳነበው «ማይስድ» አልኩ። «ማይስ» አይጦች ናቸውና መድረኩ ላይ አይጥ የገባ መሰለኝ! ሰረዝኩት፤ ልጁ አኮረፈ። እስቲ ፍረዱን፤ ስምን ግስ ማድረግ ልክ ነው? ልክ ከሆነስ እንዴት ይጻፍ?

ጋሽ መምህር፦ ልክ አይደለም። ስም ስም ነው፣ ግስ ግስ ነው። ዛሬ ማይክን ከፈቀድሽ ነገ ወንበርንም ግስ ያደርጉልሻል።

ተርጓሚዋ፦ ጋሼ፣ ወንበር እኮ ግስ ከሆነ ቆየ። ስብሰባ የመራን ሰው «ቼርድ» አይደል የምንለው? ደግሞ እርስዎ ብቻ አይደሉም የተናደዱት። አሜሪካዊው ቤንጃሚን ፍራንክሊን እ.ኤ.አ. በ1789 ለመዝገበ ቃላት አዘጋጁ ለኖህ ዌብስተር በጻፈው ደብዳቤ «ኖቲስ» የሚለው ስም ግስ ሆነ ብሎ አማሯል። ዛሬ «ኖቲስድ» ሲባል ማን ይደነግጣል?

ጋሽ መምህር፦ እሱ ስንት ዘመን የታሸ ቃል ነው። የእናንተው የትናንት ነው።

ተርጓሚዋ፦ ጎግልም የትናንት ነበር። ኦክስፎርድ መዝገበ ቃላት እ.ኤ.አ. በ2006 በግስነቱ ተቀበለው። እኛስ ብንሆን? መነኩሴ ከግሪክ የመጣ ስም ነው። «መነኮሰ» ብለን አረባነው፤ ማንም አልከሰሰንም። ፈላስፋም እንደዚሁ፣ «ተፈላሰፈ»።

ቀይ እስክሪብቶ፦ የእኛ ፊደል ግን አያስቸግርም። «ክ» ሁልጊዜ «ክ» ነው። የእነሱ ሲ ኢ ሲከተላት «ስ» ትሆናለች። ጭንቀቴ እሱ ላይ ነው።

የሰዋስው ሱሰኛ፦ ለዚህ የቆየ መፍትሔ አላቸው። ፒክኒክ፣ ፓኒክ፣ ትራፊክ ኃላፊ ጊዜ ሲሆኑ ከሲ በኋላ ኬ ይገባል። ድምፁ እንዳይበላሽ ነው። ማይክ ላይ ግን ይሄም አይሠራም። ኬ ብትጨምሪ «ሚክድ» ተብሎ ይነበባል። አይጧን አባርረሽ «ማይ»ን አጣሽ።

የሜዳ ሰው፦ በአሜሪካ ስፖርት ስርጭት ተጫዋች ማይክ ሲሰካለት ከሲ ቀጥሎ አፖስትሮፍ (’)፣ ከዚያ ዲ ብቻ ነው የሚጻፈው። «ኦኬ»ንም እንደዛ ያደርጉታል። አለቀ።

የሰዋስው ሱሰኛ፦ አላለቀም። አፖስትሮፍ ለምህጻረ ቃል ያምራል፣ ለሙሉ ቃል ግን ቁስል ላይ እንደተለጠፈ ፕላስተር ነው። ለነገሩ «ማይክ» ድሮ በኬ ይጻፍ ነበር፤ ኤም፣ አይ፣ ኬ፣ ኢ። በእሱ ላይ ዲ ብቻ ጨምሪ። ማንም አይሳሳትም።

ተርጓሚዋ፦ «ሲንክ» (ማመሳሰል)ስ? ሲ ላይ ኢ እና ዲ ተለጥፎ ሁሉም «ሲንክድ» ብሎ ያነበዋል። ዓይን ይለምዳል።

የሰዋስው ሱሰኛ፦ እውነት ነው፣ እሱ ያፈነገጠ ነው። ግን «ሲንስድ» የሚባል ቃል ስለሌለ ማንም አይደናገርም። «ማይስ» ግን አለ፤ አይጦች።

የሜዳ ሰው፦ አንድ ነገር ልጨምር ጋሼ። «ፍላይ» (መብረር) ኃላፊ ጊዜው «ፍሉ» ነው አይደል? ቤዝቦል ላይ ግን መቺው የላካት ኳስ አየር ላይ ከተያዘች «ፍላይድ አውት» ይባላል። ግሱ የመጣው «ፍላይ ቦል» ከሚለው ስም ነዋ። «ስታንድ» ኃላፊ ጊዜው «ስቱድ» ቢሆንም፣ ለታይታ የለፈለፈ ፖለቲከኛ «ግራንድስታንድ» ከሚለው ስም «ግራንድስታንድድ» ነው እንጂ «ግራንድስቱድ» አይባልም።

ጋሽ መምህር፦ ይሄንን አላውቅም ነበር። ከስም የመጣ ግስ የአያቱን ጠባይ አይወርስም ማለት ነው።

የሰዋስው ሱሰኛ፦ በትክክል! ብዙውን ጊዜ ኢ እና ዲ ብቻ ነው የሚደርሰው።

ቀይ እስክሪብቶ፦ በቃ፣ በኬ አስገባዋለሁ። ልጁንም ይቅርታ እጠይቃለሁ፤ በግማሽ። ግስ ማድረጉ ልክ ነበር፣ አጻጻፉ ግን አልነበረም።

ጋሽ መምህር፦ እኔ ብሆን «ማይክሮፎን ተሰጣቸው» ብዬ እገላገል ነበር።

ተርጓሚዋ፦ ጋሼ ደግሞ! እጅ ላይ መስጠትና ኮሌታ ላይ መሰካት አንድ ነው?