ጅማ ላሉት ወንድም እህቶቻችን ብር መላክ ብቻ ይበቃል?

ጠያቂዋ፣ ከቶሮንቶ

ሰላም የጅማ ልጆች። አንድ ነገር ላማክራችሁ። የታናሽ እህቴ ልጅ 17 ዓመቷ ነው፤ ማየት የተሳናት ናት። ጅማ ከእናቴ ጋር ትኖራለች። እስከ 8ኛ ክፍል ተምራ ቤት ቁጭ ብላለች። በየወሩ የምልክላት አለ። አሁን ግን እናቴ እየደከመች ነው። ወደዚህ ላምጣት ብዬ ሰው አማከርኩ፤ የእህት ልጅ ማምጣት ቀላል አይደለም አሉኝ። እዚያው ምን ይደረግላት? ስለ ትምህርትም ስለ ሙያ ስልጠናም የምታውቁትን ንገሩኝ።

የሄርማታ ልጅ፣ ከሚኒያፖሊስ

እህቴ፣ ስለ ዓይነ ስውራን ትምህርት ከእኔ የተሻለ የሚያውቅ አይጠፋም። እኔ የማውቀው የወንድሜን ነው፤ እሱ መስማት የተሳነው ነው። ግን “በየወሩ የምልክላት አለ” ያልሽው እንቅልፍ ነሳኝ። እኔም ዘጠኝ ዓመት ሙሉ እንደዚያ ስል ነበር።

ወንድሜን አራት ዓመቱ ላይ ማጅራት ገትር ያዘው። ከሞት ተረፈ፤ መስማት ግን ቀረ። ሰፈሩ ስሙን ትቶ “ዲዳው” ይለው ጀመር። እናታችን እጇን አጣጥፋ አልተቀመጠችም። መስማት ለተሳናቸው ልጆች የተዘጋጀ ልዩ ክፍል አፈላልጋ አስገባችው። እስከ 4ኛ ክፍል እዚያ ተማረ። የምልክት ቋንቋን ወደ ቤታችን ያመጣው እሱ ነው። ማታ ማታ እኔን ያስተምረኛል። ፊደላችን በጣት እንዴት እንደሚጻፍ ያየሁት በእሱ እጅ ነው። ለ ብሎ ሉ፣ ሊ፣ ላ ሲል የጣቶቹ ቅርጽ አይለወጥም። እጁን የሚያንቀሳቅስበት መንገድ ብቻ ይለያል። ሰባቱም ቤት እንዲህ ነው የሚለየው። እኔ ስሳሳት እጄን ይዞ ያስተካክልልኝ ነበር።

5ኛ ክፍል ላይ ወደ መደበኛው ክፍል ገባ። ክፍሉ በልጅ ጢም ብሏል። አስተርጓሚ የለም። መምህሩ ወደ ሰሌዳው ዞሮ ያስረዳል። ወንድሜ ከጎኑ ካለው ልጅ ይገለብጣል። ዓመቱ ሲያልቅ ደብተሩን አገላብጬ አየሁት። ከዳር እስከ ዳር ተጽፏል፤ የእጅ ጽሑፉም ያምራል። አንድ ገጽ ገልጬ “ይሄ ምንድን ነው?” አልኩት። ትከሻውን ሰበቀ። ሌላ ገጽ ገለጥኩ። ያንንም አላወቀውም። አካቶ ትምህርት ማለት አካል ጉዳት ያለባቸውንና የሌለባቸውን ልጆች አንድ ክፍል ውስጥ ማስቀመጥ ብቻ እንዳልሆነ የገባኝ ያን ዕለት ነው። 6ኛ ክፍልን ሳይጨርስ አቆመ።

እኔ ደግሞ ወጣሁ። እዚህ መጀመሪያ የሠራሁት መጋዘን ውስጥ ነው። አብሮኝ መስማት የተሳነው ሰው ነበር። አለቃችን የዕለቱን ሥራ ጽፎ ይሰጠዋል፤ ስልጠና ሲኖር አስተርጓሚ ይመጣል። ይህን ማንም እንደ ውለታ አይቆጥረውም። አሜሪካ ውስጥ ከ1990 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሕግ ነው። የትምህርቱ ሕግማ ከዚያም ይቀድማል፤ የ1975 እ.ኤ.አ. ነው።

እግረ መንገዴን፣ አካል ጉዳት ያለበት ልጅ ይዛችሁ አሜሪካ የምትገቡ ይህን ያዙ። ልጁ እንዲገመገም ትምህርት ቤቱን በጽሑፍ ጠይቁ። አይኢፒ የሚባለው የልጁ የትምህርት ዕቅድ የሚጀምረው ከዚያ ነው። ስብሰባው ላይ በቋንቋችሁ አስተርጓሚ መጠየቅ መብታችሁ ነው። 16 ዓመት ሲሞላው ስለ ወደፊት ሥራው ዕቅዱ ውስጥ መግባት አለበት። ወገኖቻችን አፍረው ዝም ሲሉ፣ እንግዳ ሲመጣ ልጁን ጓዳ ሲያስገቡ አይቻለሁ። እባካችሁ፣ አታድርጉት።

ይህን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ ለወንድሜ የማደርገው ግን ብር መላክ ብቻ ነበር። ስደውል “ምን እየሠራ ነው?” እላለሁ። እናቴ “አንተ እያለህለት ምን ይሠራል?” ትለኛለች። እኔ እንደ ምርቃት እሰማው ነበር።

በ2015 ዓ.ም. ለገና ጅማ ሄድኩ። ወንድሜ ጎልማሳ ሆኗል። በረንዳው ላይ አንዲት ወንበር አለችው። ጠዋት ወደ ፀሐዩ ያዞራታል፤ ከሰዓት ወደ ጥላው ይመልሳታል። ሦስት ቀን ተከታትዬ አየሁት። የቀኑ ሥራ ያ ብቻ ነበር። ልብሱ ንጹሕ ነው፤ ምግቡም አልጎደለበትም። ያንን ያደረገለት የእኔ ብር ነው። በረንዳ ላይ ያስቀመጠውም የእኔ ብር ነው።

የአባታችን ወዳጅ የእንጨት ሥራ ቤት አላቸው። በርጩማ፣ አልጋ፣ ቁምሳጥን ይሠራሉ። ወንድሜን ሙያውን ያስተምሩልኝ ብዬ ለመንኳቸው። “ምን ብዬ ነው የማስተምረው ልጄ?” አሉኝ። “ጋሼ፣ እጅዎን ያያል፤ እርስዎ ብቻ ከፊቱ ሆነው ይሥሩ” አልኳቸው። እሺ አሉ። ለመጀመሪያዎቹ ወራት ለሳቸውም ለትራንስፖርቱም ከፈልኩ።

አሁን እሱ የሚሠራውን ብታዪ! ማሽኑ ሲነሳ መዳፉን ጠርዙ ላይ ያሳርፋል። ቢላው መዶልዶም ሲጀምር ንዝረቱ ይለወጣል። ጋሼ በጆሯቸው ሳይሰሙት እሱ በመዳፉ አውቆ ያጠፋዋል። “የእኔን ጆሮ ቀደመኝ” ብለው በስልክ ነገሩኝ።

ቀጥሎ ለሙያ ብቃት ምዘና ተመዘገበ፤ ሲኦሲ የምንለው። አስተርጓሚ ይመደብልን ብለን ቀድመን ጠይቀን ነበር። አልመጣም። መዛኙ መመሪያውን በቃል አነበበ፤ ወንድሜ ወደቀ። እጁ የሚያውቀውን ሥራ ነው የወደቀው። ሁለተኛው ዙር ላይ አስተርጓሚ ራሳችን ከፍለን ይዘን ሄድን። አለፈ። ወረቀቱን ፎቶ አንስቶ ሲልክልኝ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። መጋዘኑ መሃል ቆሜ አለቀስኩ።

ብሩን አላቋረጥኩም። ቀለብ ብቻ የነበረው መጋዝ፣ መሮ፣ የአስተርጓሚ አበልና የባጃጅ ሆነ እንጂ።

አንድ አባል፣ ከዱባይ

ወንድሜ፣ እንኳን ደስ ያለህ። ግን እውነቱን እንነጋገር። ዲግሪ ያለው ጤነኛ ሥራ አጥቶ ሲዞር ልጅቷን ማን ይቀጥራታል? ለእንግልት አንዳርጋት። ብሩን ይላኩላት፣ ተንከባክበው ያኑሯት።

የሄርማታ ልጅ፣ ከሚኒያፖሊስ

ስጋትህ ይገባኛል። ሥራ እንደ ልብ አይገኝም። ግን እኔ ነገ ብታመም፣ ከሥራ ብባረር፣ በረንዳ ላይ ያለው ሰው ምን ይበላል? እንግልቱ ያኔ ነው የሚመጣው። ደግሞ “ጤነኛ” ያልከው ቃል ይታረም። ወንድሜ ጤነኛ ነው፤ አይሰማም እንጂ።

መምህር ነኝ፣ ከጅማ

ከዚሁ ከከተማው ልጨምር። እህቴ፣ መጀመሪያ ልጅቷ ብሬይል፣ ያ በጣት እየተዳሰሰ የሚነበበው ጽሑፍ፣ በምን ቋንቋ እንደተማረች ጠይቂያት። የኦሮምኛው በላቲን ፊደል ስለሆነ ከአማርኛው ይለያል። መጻሕፍት ስትፈልጉ ይህን ካላወቃችሁ ትቸገራላችሁ።

ሁለተኛ፣ 8ኛ ክፍል መጨረሻ አይደለም። 9ኛ ትመዝገብ። ፈተና ላይ የሚያነብላት ሰው እንዲመደብ ገና ከመስከረም ጀምራችሁ በጽሑፍ ጠይቁ። “ሒሳብ ይቅርባት” የሚል ከመጣ እሺ አትበሉ። ሒሳብ የቀረበት ልጅ ኋላ ብዙ በር ይዘጋበታል። ስልክ ካላት ቶክባክ የሚባለውን ድምፅ አንባቢ አብሩላት። አዲስ ነገር መግዛት አያስፈልግም፤ አብዛኛው አንድሮይድ ላይ አለ። መልእክት ከማንበብ ጀምራ ትለምደዋለች። ጅማ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ የልዩ ፍላጎትና አካቶ ትምህርት ክፍል አለ። ሄዳችሁ አማክሩ፤ እንዲህ ያለውን የሚያጠኑ ሰዎች በቅርብ አሉ።

ሦስተኛ፣ ስለ ሥራው። አዋጅ ቁጥር 568/2000 የሚባል ሕግ አለን። አካል ጉዳተኛ ተወዳዳሪ እኩል ወይም ተቀራራቢ ውጤት ካመጣ ቅድሚያ ያገኛል። አሠሪው የሥራ ቦታውን ማመቻቸት አለበት። ብዙ አሠሪ አያውቀውም፤ ስለዚህ ታትሞ በእጅ ይያዝ። የትነበርሽ ንጉሤን አስቡ። በአምስት ዓመቷ ዓይኗን አጣች። ሻሸመኔ የዓይነ ስውራን ትምህርት ቤት ተማረች። ሕግ አጥንታ በ2017 እ.ኤ.አ. ራይት ላይቭሊሁድ የተባለውን ዓለም አቀፍ ሽልማት ወሰደች። ልጅቷ ታሪኳን ትስማው።

ከሁሉ የሚከብደው መንገዱ ነው። የጅማን ክረምት ታውቁታላችሁ። ክዳን የሌለው ቦይ ውሃ ሲሞላ ከመንገዱ ጋር እኩል ይሆናል፤ ዓይን ያለውም ይገባበታል። ነጭ በትር መያዝና በበትር መሄድን የሚያሠለጥናት ሰው ያስፈልጋታል። ገንዘብሽ መጀመሪያ እዚህ ላይ ቢውል ደስ ይለኛል። ከቤት መውጣት ካልቻለች የተቀረው ሁሉ ወሬ ነው።

ጠያቂዋ፣ ከቶሮንቶ

ሁላችሁንም እግዚአብሔር ይስጥልኝ። ትናንት ደወልኩ። እስከ ዛሬ እናቴን ነበር የማናግረው፤ ትናንት ግን “ስልኩን ለእሷ ስጪልኝ” አልኩ። የተማረችው የአማርኛ ብሬይል ነው። ለምን እንዳቆመች ጠየቅኳት። ስሌቷ፣ ብሬይል የምትጽፍበት ሰሌዳ፣ ተሰብሮ ነው። ከተሰበረ ሁለት ዓመት አልፎታል። ለእናቴ ነግራት ነበር፤ እናቴ ምን እንደሆነ ስላልገባት ዝም አለች። እኔም ጠይቄ አላውቅም። 9ኛ እመዘገባለሁ ብላለች። በትር የሚያሠለጥናት ሰውም ለማፈላለግ አክስቴ ነገ ትወጣለች።

ስሌት፣ ነጥቡን የሚወጋውን ስታይለስና ወፍራሙን የብሬይል ወረቀት እዚህ ገዝቻለሁ። ወረቀቱ ትንሽ ይከብዳል። በዚህ ወር ከቶሮንቶ ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ፣ ሻንጣው ውስጥ ቦታ ያለው ሰው ካለ እባካችሁ ንገሩኝ። ከቦሌ የሚቀበል ሰው አለኝ።