ለ8 ወር ልጄ «የወንድ መድኃኒት» ሰጡኝ፤ ልስጣት ወይስ ልተወው?

ሐይቅ ዳር፦
የምታውቁ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። ለ8 ወር ልጄ ሲልደናፊል የሚባል ኪኒን ሰጡኝ። ሰማያዊ ነው፣ 50 ሚሊግራም ይላል። የሚስቴ ወንድም ገና ሲያየው ሳቁን ለቀቀው። «ይሄ እኮ ቪያግራ ነው» አለኝ። ውስጡ ያለውን ወረቀት ሳነበው ከ18 ዓመት በታች አይሰጥም ይላል። በፊት የሰጡን በወረቀት የተጠቀለለ ነጭ ዱቄት ነበር፣ እሱ አልቋል። ፈርቼ ጠዋትም ቀንም አልሰጠኋትም። አሁን የማታው ሰዓት ደርሷል፣ ፋርማሲው ደግሞ ተዘግቷል። ምን ላድርግ?

የጦሳ ልጅ፦
ምናልባት ለአባትየው ይሆናል ያዘዙት ቂቂቂ

የፎዚ እናት፦
ቀልድ ቦታ አለው። አብሽር ወንድሜ። ልጅህ ምኗን ነው የሚያማት? ልቧን ነው?

ሐይቅ ዳር፦
አዎ፣ ልቧ ላይ ቀዳዳ አለ ተብለናል። የሳንባዋ ደም ስር ግፊትም ከፍ ብሏል ብለውናል። እሱ ከዚህ ኪኒን ጋር ምን አገናኘው?

የፎዚ እናት፦
ኧረ ዋናውን ነገር ትተህ ነው እንዴ የጠየቅኸው!

ባለ ነጭ ጋውን፦
ፋርማሲስት ነኝ፣ ደሴ። መድኃኒቱ ስህተት አይመስለኝም። ሲልደናፊል መጀመሪያ የተሞከረው ለልብ ሕመም ነበር። ያኛው ሥራው በኋላ ነው የታየው፤ በ1998 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ቪያግራ በሚል ስም ፈቀደችው። ዋና ሥራው ግን ደም ስር ማላላት ነው፣ የሳንባውንም ጭምር። ለዚህ ነው በ2005 ለአዋቂዎች የሳንባ ደም ስር ግፊት የተፈቀደው። አውሮፓ በ2011 ከ1 እስከ 17 ዓመት ላሉ ልጆች ፈቀደች። አሜሪካ በ2012 ልጆች ላይ አስጠንቅቃ ነበር፤ በ2023 እሷም ከ1 ዓመት ጀምሮ ፈቀደች። ከ1 ዓመት በታች ግን ፈቃዱ ውስጥ የለም። ሐኪሞች ጥቅሙንና ጉዳቱን መዝነው ያዙታል። ይሄ «ኦፍ ሌብል» ይባላል። ጨቅላ ላይ የመድኃኒት ሙከራ ማድረግ ከባድ ስለሆነ ነው ብዙ መድኃኒት ለነሱ ያልተጻፈለት። አንተ ያነበብከው ወረቀት የተዘጋጀው ደግሞ ኪኒኑ ለወንዶች ጉዳይ ሲሸጥ...

የጦሳ ልጅ፦
ትምህርቱ ይመቻል። ሰውዬው የጠየቀው ግን «አሁን ልስጣት ወይ» ነው።

ባለ ነጭ ጋውን፦
እሺ፣ ባጭሩ። ሙሉውን ኪኒን በምንም ዓይነት እንዳትሰጣት! ዱቄቱ በክብደቷ ልክ የተከፋፈለ ነበር። ሁለተኛ፣ ይሄ መድኃኒት በድንገት አይቋረጥም፤ የሳንባው ግፊት ተመልሶ ሊያሻቅብ ይችላል። ሁለት ጊዜ ዘለሃል፣ ስለዚህ እስከ ነገ አትጠብቅ። ዛሬ ማታ ተረኛ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ውሰዳት። ካርዷን፣ የድሮውን የዱቄት መጠቅለያና ይሄን ኪኒን ያዝ።

የመርሳ ብርቱካን፦
ምን ያስሮጠዋል በሌሊት? አራት ቦታ ቆርጦ ሩቡን ይስጣት። ለእኛ ልጅ የልብ ኪኒን እንደዚያ ነበር የምንሰጠው።

ባለ ነጭ ጋውን፦
የ50 ሩብ 12.5 ነው። ለ8 ወር ልጅ በአንድ ጊዜ ይበዛል። ደም ግፊቷን ሊጥለው ይችላል። የእናንተም ኪኒን ሌላ ነው።

የመርሳ ብርቱካን፦
ሩቡ ከበዛ የሩቡን ሩብ።

የፎዚ እናት፦
በኩሽና ቢላዋ የሩብ ሩብ? ግማሹ ዱቄት ሆኖ መክተፊያው ላይ ይቀራል እኮ።

ቦርከና፦
እኔ የሚገርመኝ ሌላ ነው። ወረቀቱ አይሰጥም እያለ እንዴት ይታዘዛል? ልጆቻችን ላይ ሙከራ እየተሠራ ነው። እኔ ብሆን ኪኒኑን ይዤ ሄጄ ነበር የማፋጥጣቸው።

የፎዚ እናት፦
ቦርከና፣ የእኔ ልጅ ግንባሯ ላይ ቀይ እባጭ ነበረባት። ፕሮፕራኖሎል አዘዙላት፣ የደም ግፊት መድኃኒት። እኔም እንዳንተ ጮኼ ነበር። ፈረንሳይ ያሉ ሐኪሞች እባጩን እንደሚያሟሽሽ የጻፉት በ2008 እ.ኤ.አ. ነው፣ አሜሪካ በሽሮፕ መልክ ለዚሁ የፈቀደችው በ2014። በመሃል ያሉት ልጆች በኦፍ ሌብል ነው የታከሙት። ሐኪሙን ጠይቁ ካልክ እስማማለሁ። ለምን እንዳዘዘ፣ ምን ክትትል እንደሚያደርግ መጠየቅ መብታችን ነው። ኪኒኑን አስቁሙ ካልክ ግን ወላሂ ልጅ ታስጎዳለህ።

ሐይቅ ዳር አንተ ደግሞ ስማኝ። ሆስፒታሉ ሽሮፕ አድርጎ ከሰጠህ በአንድ ሚሊ ውስጥ ስንት ሚሊግራም እንዳለ ብልቃጡ ላይ አስጽፍ። የሚያበቃበትንም ቀን። የሚቀጥለው ፋርማሲ አወፍሮ ወይ አቅጥኖ ሊያዘጋጀው ይችላል፤ «አምስት ሚሊ ነው የምሰጣት» ብቻ ካልክ ጉድ ይፈላል። ሥሩ ላይ ነጭ አተላ ይዘቅጣል፣ እሱ እስኪነሳ ወዝውዘው። መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ጠይቅ፣ በጉንጯ በኩል ቀስ እያልክ ስጣት። በሻይ ማንኪያ እንዳትሞክር፣ የእኛ ቤት ማንኪያ ሁሉ የተለያየ ነው።

ባለ ነጭ ጋውን፦
የፎዚ እናት ጨርሳዋለች። አንድ ልጨምር፦ ሌላ ቦታ ስትታከም ሲልደናፊል እንደምትወስድ ተናገር። እንደ ኤሪትሮሚሲን ያሉ መድኃኒቶች ደሟ ውስጥ ያለውን መጠን ከፍ ያደርጉታል። አሁን ከንፈሯ ከጠቆረ፣ ትንፋሿ ከፈጠነ፣ ጡት እምቢ ካለች መልስ አትጠብቅ፣ ሩጥ።

ሐይቅ ዳር፦
ከንፈሯ ደህና ነው፣ ጡት ግን እንደ ወትሮው አልጠባችም። የጎረቤት መኪና አግኝቻለሁ፣ ወደ ደሴ ልንወጣ ነው። ካርዱ ላይ ያለው የሐኪም ጽሑፍ አይነበብም።

ባለ ነጭ ጋውን፦
እንደ ወትሮው ካልጠባች አሁኑኑ ውጡ። ካርዱን ያዘው፣ እነሱ ያነቡታል። የቁጥሩን ነገር በግምት እንዳትሞላላቸው። አላህ ይማራት።

የጦሳ ልጅ፦
አሚን። በመጀመሪያው ቀልዴ ቅር አይበልህ ወንድሜ። ሆስፒታሉ በር ላይ ሰው ካስፈለገህ እዚሁ ጻፍ፣ እኔ ቅርብ ነኝ።

የኮምቦልቻዋ፦
ከተነሳ አይቀር፣ የ2 ዓመት ልጄ ሳል አላስተኛው ብሏል። ኮዴይን ያለው የአዋቂ ሽሮፕ ቤት አለ። ግማሽ ማንኪያ ብሰጠው ይሄም ኦፍ ሌብል ነው አይደል?

ባለ ነጭ ጋውን፦
አይደለም እህቴ። ኦፍ ሌብል የሚባለው ሐኪም ልጁን አይቶ፣ መዝኖ፣ ክትትል እያደረገ ሲሰጥ ነው። ኮዴይን ደግሞ ትንፋሽ ሊያቆም ይችላል፤ አሜሪካ በ2017 እ.ኤ.አ. ከ12 ዓመት በታች ላሉት ከልክላዋለች። ብልቃጡን ልጁ ከማይደርስበት አስቀምጪ። ትኩሳት አለው? ሲተነፍስ ደረቱ ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል?

የመርሳ ብርቱካን፦
ሩብ ማንኪያስ?