ኢንቴክ ማኒፎልድ (አየር ወደ ሞተሩ የሚያስገባው) ራሴ ላወርድ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ? (ኮሮላ 1.6፣ ጎንደር)

የማራኪው ልጅ፦
ሰላም ጓዶች እንዴት ናችሁ። መኪናዬ ኮሮላ ነች፣ ቤንዚን፣ ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ። ከሦስት ወር በፊት ቴስታታ (የሞተሩ የላይኛው ክፍል) ወርዶ ተሠርቶ ነበር፣ ከዛ ወዲህ ሚኒሞዋ (ፔዳል ሳልነካ ሞተሯ የምትዞርበት ፍጥነት) አልቆም አለኝ። ስትሞቅ ወደ 1800 ትወጣለች፣ ዝቅ ትላለች፣ ደሞ ትወጣለች፣ ቦኔቱን ከፍቼ ሳዳምጥ ከሞተሩ ኋላ በኩል ስስስ የሚል ድምፅ አለ። የሠራልኝ ልጅ ማኒፎልዱን ሲመልስ አዲስ ጓርኒሲዮን (በመጋጠሚያው መሀል የሚገባ ማሸጊያ) አላስገባም፣ በድሮው ላይ ሲሊኮን ቀብቶ ነው ያሰረው፣ ጎኑ ላይ ፈሶ ደርቆ ይታያል። ቫኪዩም ጌጅ (የሞተሩን የመሳብ ጉልበት የሚለካ) ተውሼ ስሰካው 9 ኢንች አካባቢ ነው የሚያሳየው ቀስቱም ይወዛወዛል፣ ቪዲዮ ላይ ግን ጤነኛ ሞተር ከ17 እስከ 21 ነው ይላሉ። ግማሽ ነው ማለት ነው እኮ! በጣም ነው ያስጨነቀኝ፣ በየቀኑ አዘዞ ድረስ የምመላለስባት መኪና ነች። እሁድ ግቢ ውስጥ ከታናሽ ወንድሜ ጋር ላወርደው ነው፣ ቁልፍም ቡሶላም አለኝ። የሠራችሁት ካላችሁ ንገሩኝ።

የአዘዞ ሹፌር፦
ወንድሜ ሳትፈታ በፊት ቱቦዎቹን እይ። ከማኒፎልዱ የሚወጡ ቀጫጭን የቫኪዩም ቱቦዎች በሙቀት ይደርቁና ጫፋቸው ይሰነጠቃል፣ እኔ ሁለት ቀን ማኒፎልድ ጥፋት ነው ብዬ ስለፋ ጥፋቱ አንዲት ቱቦ ነበረች። ግማሽ ሜትር የሚሆን ጎማ ቱቦ ወስደህ አንዱን ጫፍ ጆሮህ ላይ፣ ሌላውን በመጋጠሚያው ዙሪያ አዙረው፣ የሚያፏጭበትን ቦታ በትክክል ይነግርሃል። ከዛ ሳሙና የተበጠበጠበት ውሃ በትንሹ እርጭበት፣ ውሃው ሲሳብ የሞተሩ ድምፅ ከተለወጠ ያ ቦታ ነው።

ልጅ ጭልጋ፦
እኔ ዕጣን ለኩሼ ነው ያገኘሁት፣ ጭሱ ወደ ስንጥቁ ሲሳብ ይታያል።

የድሮ መካኒክ፦
ልጅ ጭልጋ እባክህ ይሄንን አትምከር። ጭሱ መሳቡ እውነት ነው፣ ግን እዛው አጠገብ ቤንዚን የሚረጨው ኢንጀክተርና የቤንዚን መስመር አለ፣ ትንሽ የሚያንጠባጥብ ነገር ካለ መኪናውም ሰውየውም ይቃጠላል። ካርቡራተር ማጽጃ ስፕሬይም እንደዛው፣ በጋለ ማርሚታ (የጭስ ማውጫ) ላይ ሲያርፍ ይነዳል። ሳሙናውና ቱቦው ይበቃል።

የማራኪው ልጅ፣ በመጀመሪያ ስለ ጌጁ አትደንግጥ። 17 እስከ 21 የሚሉት ባሕር ወለል አጠገብ ላለ ሰው ነው። ጎንደር ከ2100 ሜትር በላይ ነች፣ አየሩ ሳሳ ያለ ነው፣ በየ300 ሜትሩ ንባቡ አንድ ኢንች ገደማ ይቀንሳል፣ ስለዚህ እኛ ጋ ጤነኛ ሞተር ከ10 እስከ 14 ቢያሳይ ትክክል ነው። ያንተ 9 ሆኖ መወዛወዙ ነው ችግሩ። ስንቱ ሰው በዚህ ቁጥር ተሳስቶ ደህና ሞተር አስፈትቷል።

ሚኒሞው ለምን እንደሚወጣና እንደሚወርድ ደግሞ እወቀው፣ ገብቶህ ስትሠራ ይሻላል። በስንጥቁ የሚገባው አየር ትሮትሉን (ፔዳሉ የሚከፍተውን የአየር በር) ስለማያልፍ እግርህን ባታሳርፍበትም ሞተሩ ይፈጥናል። ኮምፒውተሩ ፔዳሉ እንዳልተነካ ያያል፣ ሞተሩ ግን ከፍ ብሏል፣ ቁልቁለት ላይ ነው ብሎ ቤንዚን ይቆርጣል። ሞተሩ ሲወርድ መልሶ ይሰጣል፣ ደሞ ይወጣል። ሚኒሞውን በቡሎን ለማስተካከል አትታገል፣ አየሩ ካልተዘጋ አይስተካከልም።

አሁን ሥራው። ሞተሩ ፍጹም ቀዝቅዞ መሆን አለበት፣ ወደ ትሮትል ቦዲው የሚሄድ የራዲያተር ውሃ አለ፣ ትኩስ ከሆነ ይልጥሃል። ከኋላ ወንበር ስር ያለውን የቤንዚን ፓምፕ ሶኬት ንቀልና ሞተሩን አስነሳ፣ ራሱ እስኪጠፋ ጠብቅ፣ ከዛ ነው የባትሪውን ኔጌቲቭ የምትፈታው። ይሄ ካልተደረገ የቤንዚን መስመሩን ስትፈታ በግፊት ፊትህ ላይ ይረጫል። ቱቦና ሶኬቱን ሁሉ ሳትነቅል በስልክህ ፎቶ አንሳ፣ በፕላስተርም ቁጥር ለጥፍበት። ማኒፎልዱ በኋላ በኩል ካቢናው ጋ ተጠግቶ ስለሆነ ጠባብ ነው፣ 12 ቡሶላ ከረጅም ማስረዘሚያ ጋር ያስፈልግሃል፣ ከስር ደግሞ ከሞተሩ ብሎክ ጋር የሚያያዝ ድጋፍ አለ፣ እሱ ሳይፈታ አልነቃነቅ ይልሃል፣ ብዙ ልጅ በካቻቢቴ እየፈነቀለ አሉሚኒየሙን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው። አትፈንቅል! የቀረ ቡሎን ፈልግ።

እንደወረደ የቴስታታውን አራት ቀዳዳ በንጹሕ ጨርቅ ድፈን። የሲሊኮን ቁራጭ እዛ ከገባ ቫልቭ ላይ ይቀመጣል። ፊቱን ስታጸዳ በላስቲክ መፋቂያ፣ ግድ ከሆነ ምላጭ ጠፍጣፋ አድርገህ፣ ወፍጮ ድንጋይና ብርጭቆ ወረቀት ግን በፍጹም። ከዛ ቀጥ ያለ የብረት ማስመሪያ ማኒፎልዱ ላይ አስተኛና በመሀላቸው ያለውን ክፍተት በስፔሶር (በስስ የብረት ቅጠል መለኪያ) ለካ፣ 0.2 ሚሊ ሜትር ካለፈ ቶርኖ ቤት ወስደህ ፊቱን አስልገው።

ሲገጠም አዲስ ጓርኒሲዮን በደረቁ፣ ሲሊኮን የለም። ቤንዚን ሲሊኮንን ያላሽቀዋል፣ ተልጦም ወደ ውስጥ ይሳባል። ቡሎኖቹን ሁሉ መጀመሪያ በእጅ አስጀምር፣ ከዛ ከመሀል ወደ ዳር በሦስት ዙር እሰር፣ መጨረሻው 20 ኒውተን ሜትር አካባቢ ነው፣ ቶርክ ሬንች ተዋስ። አሉሚኒየም ስለሆነ ትንሽ ከበዛ ጥርሱ ይበላል።

ቪትዝ ነጂዋ፦
ከወንድሞቼ ጋር አንድ ነገር ልጨምር፣ እባክህ ከማኒፎልዱ ወደ ሰርቮው (ፍሬኑን የሚያቀለው) የሚሄደውን ቱቦ አትርሳ። እኔ መኪናዬን አሠርቼ ስወጣ ያ ወፍራም ቱቦ ሳይጠብቅ ቀርቶ ከፒያሳ ወደ አዘዞ ስወርድ ፍሬኑ ድንጋይ ሆነብኝ፣ በሁለት እግሬ ነው የረገጥኩት፣ ከፊቴ ባጃጅ ነበር። እግዚአብሔር ነው ያወጣኝ። ከቤት ሳትወጣ ሞተሩን አጥፍተህ ፔዳሉን ጥቂት ጊዜ ርገጥ እስኪደነድን፣ እንደረገጥከው አስነሳ፣ ወደ ታች ትንሽ ከሰጠህ ሰርቮው ይሠራል።

የድሮ መካኒክ፦
እህቴ ትክክል ነሽ፣ ከሁሉም በፊት መነገር የነበረበት እሱ ነው። እኛ አገር በከፍታው ምክንያት ሰርቮው ድሮም ጉልበቱ ያነሰ ነው፣ ጭራሽ ቱቦው ከወለቀ ሊማሊሞ ላይ ማሰብ ነው።

የማራኪው ልጅ፦
ጋሼ እግዚአብሔር ይስጥልኝ፣ እህቴም አመሰግናለሁ። ጓርኒሲዮኑን እዚህ አጣሁት፣ ከወረቀት ቆርጬ ልሥራ ወይስ?

የአዘዞ ሹፌር፦
አትቁረጥ፣ ለአንድ ወር ነው የሚሆንህ። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ የሚያውቅህ ሰው ካለ የሞተሩን ቁጥር ፎቶ ላክለት፣ በአውቶቡስ ይደርስልሃል። የኢንጀክተሮቹን ኦ ሪንግም አብረህ አስመጣ፣ ከወጡ በኋላ የድሮውን መመለስ ለቤንዚን መፍሰስ መንገድ መክፈት ነው።

የማራኪው ልጅ፦
ሰላም፣ ዕቃው ስለዘገየ ሳምንቱን ጠብቄ ትናንት ሠራሁት። ጓርኒሲዮኑ አራተኛው ሲሊንደር ጋ ተቀዶ ነበር፣ የተበጣጠሰ ሲሊኮን ወደ ውስጥ ተንጠልጥሎ አይቼ ልቤ ነው የደነገጠው፣ ሁሉንም በፒንሳ አንድ በአንድ ለቀምኩ። ፊቱን ለካሁት ደህና ነው። ገጥሜ ሳስነሳ መጀመሪያ ጥቁር ጭስ አውጥታ ጠፋች፣ ወንድሜ ፎቶውን ሲያይ የማፕ ሴንሰሯ (የማኒፎልዱን ግፊት ለኮምፒውተሩ የምትነግረው) ቀጭን ቱቦ አልተሰካችም፣ እሷን ሰክተን ቀጥ አለች። አሁን ሚኒሞው 800 ላይ ነው፣ ጌጁ 13 ላይ ቆሟል፣ ፍሬኑንም እህቴ ባልሽው ሞክሬዋለሁ ይሠራል። ራዲያተሩን ሞልቼ ክዳኑን ከፍቼ አየሩ እስኪወጣ አስነሳኋት። ግን አንድ 12 ቁልፍ የሚይዝ ቡሎን ተርፎኛል፣ ረዘም ያለ ነው፣ የት እንደሆነ ጠፋኝ።

የድሮ መካኒክ፦
ጎሽ ልጄ። እሱ የታችኛው ድጋፍ ቡሎን ነው፣ በክሪክ አንሥተህ ከስር እይ፣ መኪናዋን በክሪክ ብቻ አትመናት፣ ጎማው ስር ድንጋይ፣ ብረቱ ስር መደገፊያ አድርግ። ሳታስረው ግን ወደ አዘዞ እንዳትወጣ፣ ድጋፉ ከሌለ የማኒፎልዱ ክብደት በንዝረት ያንን አዲስ ጓርኒሲዮን ነው የሚጎትተው።

የማራኪው ልጅ፦
አሁን ከስር ነኝ፣ ቀዳዳው ባዶ ሆኖ አገኘሁት። እያሰርኩት ነው።