የራስን ኤም ሲ ማውጣት፦ ታርጋው በኩባንያው ስም ነው፣ ምን ላድርግ?

ከዴንቨር
ሰላም ለዚህ ቤት። ትራኩ የኔ ነው፣ ታይትሉም በስሜ ነው። በሊዝ (በኩባንያው ፈቃድ ሥር ሆኜ) የምሠራለት ኩባንያ ግን ከእያንዳንዱ ሎድ 25 ከመቶ ስለሚቆርጥ የራሴን ኤም ሲ (በራስ ስም ጭነት ለመጫን የሚያስችል የፌዴራል ፈቃድ ቁጥር) ላወጣ ወስኛለሁ። ታርጋውና የነዳጅ ታክሱ በኩባንያው ስም ነው፤ ብለቅ ትራኩ ይቆማል ወይስ ታርጋውን ማዛወር ይቻላል? ኢንሹራንሱንስ የምገዛው ቁጥሩ ከመውጣቱ በፊት ነው በኋላ? ታላቅ ወንድሜ ደግሞ ዕቁቡ ሲደርስህ ላክልኝና አዲስ አበባ ላይ ሲኖትራክ ልግዛበት እያለ ነው። እምቢ ማለት ከብዶኛል።

ከዳላስ
ወንድሜ፣ ኢንሹራንሱ መቼ እንደሚገዛ እንዲገባህ ከቅደም ተከተሉ ልጀምር። መጀመሪያ በስቴትህ ኤል ኤል ሲ (ኃላፊነቱ የተወሰነ ድርጅት) ታቋቁማለህ፣ ከአይ አር ኤስ የድርጅት ታክስ ቁጥር በነጻ ትወስዳለህ፣ ከዚያ የጭነት መኪናዎችን ደህንነት የሚቆጣጠረው የፌዴራል መሥሪያ ቤት ኤፍ ኤም ሲ ኤስ ኤ ዘንድ ታመለክታለህ። ክፍያው 300 ዶላር ነው፣ አይመለስም። የድርጅቱ ስምና አድራሻ በሁሉም ወረቀት ላይ ፊደል በፊደል አንድ ይሁን፤ ብዙ ሰው የሚጉላላው እዚህ ላይ ነው።

ቁጥሩ ወጣ ማለት መጫን ትችላለህ ማለት አይደለም። ማመልከቻህ ይፋ ከሆነ በኋላ የ10 ቀን የተቃውሞ ጊዜ አለ። ኦቶሪቲው (የመጫን ፈቃዱ) አክቲቭ የሚሆነው ደግሞ ሁለት ነገር ሲገባ ነው፦ አንዱ ቢ ኦ ሲ 3 ነው፣ በየስቴቱ የፍርድ ቤት ወረቀት የሚቀበልልህ ወኪል ማለት ነው። ሌላው የኢንሹራንስ ኩባንያው ራሱ በቀጥታ የሚልከው ማረጋገጫ ነው። ስለዚህ የኢንሹራንሱን ዋጋ ከማመልከትህ በፊት ጠይቅ፣ ፖሊሲውን ግን ቁጥሩ ከወጣ በኋላ አስጀምር። አለዚያ ለቆመ ትራክ ትከፍላለህ። የሕጉ ዝቅተኛ ለተራ ጭነት 750,000 ዶላር ቢሆንም ብሮከሮች (ጭነት አገናኝ ደላሎች) በአብዛኛው 1 ሚሊዮን ላያቢሊቲ (በሌላ ሰው ላይ ለሚደርስ ጉዳት) እና 100,000 ካርጎ (ለጭነቱ) ይጠይቃሉ። ሪፈር (ማቀዝቀዣ ያለው ተጎታች) ከሆነ ማቀዝቀዣው ሲበላሽ ካርጎው ይከፍል እንደሆነ በጽሑፍ አስረጋግጥ።

ከአትላንታ (ሂሳብ ሠራተኛ)
ወንድም ከዴንቨር፣ የዕቁቡ ጉዳይ ከኤም ሲው አይለይም። ብሮከር በተለምዶ የሚከፍለው በ30 ቀን ነው። ኢንሹራንሱ፣ ናፍጣውና ጎማው ግን አይጠብቁም። ፋክተሪንግ (ብሮከሩ ሳይከፍል ቀድሞ ገንዘቡን የሚሰጥህ ኩባንያ) ብትገባ ጥቂት ከመቶ ይወስዳል፤ ውሉ ሪኮርስ ከሆነ ደግሞ ብሮከሩ ሳይከፍል ሲቀር ገንዘቡን ከአንተ መልሶ ይወስዳል። በዚያ ላይ ከባድ ትራክ በዓመት እስከ 550 ዶላር የ2290 ታክስ (በ2290 ቅጽ የሚከፈል የከባድ ተሽከርካሪ የመንገድ ታክስ) አለበት፣ ዓመቱም ከጁላይ እስከ ጁን ነው። የነዳጅ ታክሱ ሪፖርት በአፕሪል 30፣ በጁላይ 31፣ በኦክቶበር 31 እና በጃንዋሪ 31 ይገባል፤ ባትነዳም ዜሮ ብለህ ታስገባለህ።

ለታላቅ ወንድምህ በየወሩ የምትችለውን ተቆራጭ ወስንለትና ዕቁቡን አትንካ። ሲኖትራክ ሾፌር፣ ጎማና መለዋወጫ የሚጠይቅ ሌላ ሥራ ነው፤ አንድ ዕቁብ ሁለት ትራክ አያቆምም።

ከሚኒያፖሊስ
እህቴ ከአትላንታ፣ ታላቅ ወንድም እንዲህ በቀላሉ አይታለፍም። አባት በሌለበት ቤት የሱ ቃል የአባት ቃል ነው። ይልቅ ወንድም ከዴንቨር፣ ወጪውን የሚያቀለው አሮጌ ኤም ሲ መግዛት ነው። አዲስ ቁጥር ይዘህ ብትደውል ብዙ ብሮከር "90 ቀን ሲሞላህ ተመለስ" ይልሃል፣ አንዳንዱ ስድስት ወር ይላል። የሁለት ዓመት ቁጥር ያለው በሳምንቱ ይጭናል።

ከዳላስ
በዚህ አልስማማም፣ ሰው ላይ ጉዳት ያመጣል። የዲ ኦ ቲ ቁጥር (ድርጅቱ በፌዴራል መንግሥት የሚታወቅበት መለያ) ለሌላ ድርጅት አይተላለፍም። የምትገዛው ድርጅቱን ነው፤ ድርጅቱን ስትገዛ ያልተከፈለ ታክስ፣ ያለፈ አደጋ ክስና የኢንስፔክሽን ታሪክ አብሮ ይመጣል። ብሮከሮችም የባለቤት፣ የስልክና የኢሜይል ለውጥ ስለሚከታተሉ በድንገት እጅ የለወጠ ቁጥር እንደ ሌባ ይታያል።

ከሚኒያፖሊስ
የታክስ ክሊራንስ አስመጥተህ፣ በጠበቃ አስመርምረህ ከገዛህስ? ሁሉም ሻጭ አጭበርባሪ አይደለም።

ከዳላስ
ለጠበቃ የምትከፍለው የመጀመሪያውን ወር ኢንሹራንስ ይከፍልልሃል። ሦስት ወር በትንሽ ዋጋ፣ አዲስ ቁጥር ከሚቀበሉ ብሮከሮች ጋር ሠርቶ ንጹሕ ታሪክ መገንባት ይሻላል።

ከሲያትል
ሁለታችሁም ያለፋችሁት ነገር አለ። አዲስ ድርጅት 18 ወር በክትትል ሥር ነው፤ የሴፍቲ ኦዲቱም በመጀመሪያው ዓመት ውስጥ ይመጣል። ብቻህን ብትነዳም የአደንዛዥ ዕፅና አልኮል ምርመራ ኮንሰርሺየም (ሾፌሮችን ሰብስቦ ምርመራውን የሚያካሂድ ድርጅት) ውስጥ መግባት ግዴታ ነው። የምርመራ ፕሮግራም የሌለው ሌላው ወረቀት ቢሟላም ወዲያው ይወድቃል። በክሊሪንግሃውስም (የሾፌሮች የዕፅና አልኮል ጥሰት የሚያዝበት የፌዴራል መዝገብ) ተመዝግበህ ኮንሰርሺየሙን እዚያው መሰየም አለብህ።

ታርጋውን በተመለከተ፣ በኩባንያው ስም የወጣውን መልሰህ በራስህ ዲ ኦ ቲ ቁጥር ከስቴትህ አዲስ ታወጣለህ። ታይትሉንና ማኅተም ያለበትን የ2290 ወረቀት ያዝ። የኩባንያውን ስም ከበሩ አንሳ። በኤስክሮ (በመያዣ) የያዙብህን ገንዘብ በሊዝ ደንቡ መሠረት ውሉ ባለቀ በ45 ቀን ውስጥ መመለስ አለባቸው። ኬንታኪ፣ ኒው ሜክሲኮ፣ ኒው ዮርክና ኦሬጎን የምትገባ ከሆነ የየራሳቸው የመንገድ ታክስ ምዝገባ አላቸው።

ከዴንቨር
እግዚአብሔር ይስጥልኝ። የድሮውን ታርጋ መልሼ አዲሱ እስኪመጣ ባለው ጊዜ በጊዜያዊ ፈቃድ መጫን ይቻላል?

ከሚኒያፖሊስ
አሮጌ ኤም ሲ ያለው ድርጅት ብትገዛ እኮ ይህ ሁሉ ጥያቄ አይነሳም ነበር።

ከዳላስ
ይነሳል እንጂ! ታርጋው የሚወጣው ለዚያ ትራክ ነው። የገዛኸው ድርጅት ላይም ትራኩን አዲስ ማስመዝገብህ አይቀርም።