የሟች ጓደኛችንን ያላለቀ ዘፈን እንዴት እንጨርሰው?

ጥያቄ (የባንዱ ቤዝ ተጫዋች፣ ጎንደር)

ሰላም ለሁላችሁ። አራት ሆነን ማራኪ አካባቢ በተከራየናት ክፍል ነበር የምንለማመደው። ዘፋኛችን ሐምሌ ላይ አረፈ። ስልኩ ውስጥ አንድ ዘፈን ቀርቷል፤ 3 ደቂቃ ከ40፣ በባቲ ቅኝት፣ ክራሩን እየመታ ብቻውን የዘፈነው። የመጀመሪያው ቤት ግጥም አለው። ሁለተኛው ላይ ቃል የለም፤ ዜማውን "እ... እ..." እያለ ነው የሚወጣው። መጨረሻ ላይ ክራሩን ሲያስቀምጥ ይሰማል። "ቆይ፣ ነገ" ይላል። ያበቃል።

ለሙት ዓመቱ ልናደርሰው እንፈልጋለን። ግን ድምፁና ክራሩ አንድ ላይ ነው የተቀረጹት። ከኪቦርዳችን ጋርም አልገጥም አለን። ሁለተኛውን ቤትስ ማን ይጻፈው? መብቱስ የማን ነው?

መልስ (ስቱዲዮ የምሠራ)

ነፍስ ይማር። መጀመሪያ ፋይሉን አድኑት። በኬብል ከስልኩ አውጡና ሁለት ፍላሽ ላይ ገልብጡት፤ አንዱ እናቱ ጋ ይቀመጥ። የምትሠሩት በቅጂው ብቻ ነው።

ድምፁን ከክራሩ ለመለየት "አልቲሜት ቮካል ሪሙቨር" የሚባል ነፃ ፕሮግራም አለ። የእንግሊዙ ባንድ ቢትልሶችም የሟች ጓደኛቸውን የጆን ሌነንን የካሴት ቅጂ ጨርሰው እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጡት በዚህ ዓይነት ቴክኖሎጂ ነው። እ.ኤ.አ. በ1995 ሞክረው የፒያኖው ድምፅ አስቸግሯቸው ትተውት ነበር። ግን ፕሮግራሙን አታስጨንቁት። ሲበዛበት ድምፁ ውሃ ውስጥ ያለ ሰው ይመስላል። እኔ ብሆን የመጀመሪያውን ቤት ጨርሶ አልነካውም። እሱና ክራሩ ብቻቸውን ይጀምሩ፣ እናንተ ኋላ ግቡ።

ኪቦርዱ ያልገጠመው ክራር በጆሮ ስለሚቃኝ ነው። የእሱን ድምፅ አትጎትቱት፣ ኪቦርዱን ወደ እሱ አምጡት። ቱነር (የድምፅ ከፍታ መለኪያ) ላይ እዩት። ለምሳሌ 30 ሴንት (ሴንት የግማሽ ድምፅ መቶኛ ነው) ከፍ ካለ ማስተር ቱኑን፣ ማለትም የኪቦርዱን ጠቅላላ ቅኝት፣ ከ440 ወደ 448 ኸርዝ ገደማ አድርጉት። ክሊክ (ምት የሚቆጥር መሣሪያ) ላይም አትሰሩት። ሲያዝን ይዘገያል አይደል? አብራችሁት ዘግዩ። ከበሮው እሱን ይስማ።

መልስ (አዲስ ገብ)

አሁን እኮ በኤአይ ድምፁን አስመስሎ ሁለተኛውን ቤት ማዘፈን ይቻላል። ቀላል ነው።

መልስ (ማሲንቆ ተጫዋች፣ አዘዞ)

ተው ልጄ። ያላለውን በአፉ አታስገቡበት። እናቱ ሲሰሙት ምን ይሉ ይሆን?

ልጆቼ፣ እግዜር ያጥናችሁ። ያ "እ... እ..." የሚለው ዜማ ነው፣ ባዶ ቦታ አይደለም። እንዳለ ተዉት። ከሥሩ ማሲንቆ ይከተለው። ማሲንቆ አንድ ጭራ ነው፤ እሱ ባለበት ቅኝት ጣት ፈልጎ ያገኘዋል። ግጥም የግድ ካላችሁ ከእናንተ አንዱ ይጻፈው፣ በራሱ ድምፅም ይዝፈነው፣ ስሙም ይጠቀስ። ሰሚው የቱ የእሱ፣ የቱ የእናንተ እንደሆነ ይለይ። ሰው ካጣችሁ እኔ አለሁ። ከአዘዞ እስከ ማራኪ ሩቅ አይደለም።

መልስ (የሕግ ባለሙያ)

ግጥሙና ዜማው የእሱ ነው። በአዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የኢኮኖሚ መብቱ ከሞተ በኋላም ለ50 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ኑዛዜ ከሌለ ወራሹ ልጁ ነው፤ ልጅ ከሌለው እናትና አባቱ። ወራሾቹ ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ ያውጡ። ከዚያ እናንተ በጨመራችሁት ላይና ገቢው እንዴት እንደሚከፋፈል ከእነሱ ጋር በጽሑፍ ተስማሙ። ይህን ሳታደርጉ ዩቲዩብ ላይ እንዳትለቁት።

ጠያቂው

ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልን። ጋሼ፣ ማሲንቆዎን ይዘው ቢመጡልን ደስታችን ነው። ልጅ የለውም፤ አባቱም አርፈዋል። ቅዳሜ እናቱ ዘንድ ሄደን እናስሰማቸዋለን። እሳቸው አይሆንም ካሉ እዚያው ያበቃል። "ቆይ፣ ነገ" የሚለውን ልንቆርጠው ነበር፤ ኪቦርዲስታችን አልቅሶ ከለከለን። ይቆያል።